የአሜሪካ ስፖርት ክብረ ወሰኖችን ሲጠቅሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የክብረ ወሰን ቁጥር ብቻውን አይቆምም። በየትኛው ሊግ፣ በስንት ጨዋታ፣ በመደበኛው ውድድር ነው ወይስ በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው በኋላ በሚደረገው የዋንጫ ፍልሚያ) የሚለው ከጎደለ፣ በትክክል የተገለበጠ ቁጥርም ያሳስታል።

ፕሌይኦፍን ከመደበኛው ውድድር ጋር መደመር

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሌብሮን ጄምስ የካሪም አብዱልጀባርን የነጥብ ክብረ ወሰን የሰበረው መቼ ነው ቢባል አንዱ 2022፣ ሌላው 2023 ይላል። ሁለቱም ከባዶ አልተነሡም። በ2022 ያለፈው የመደበኛውና የፕሌይኦፉ ድምር የሆነውን 44,149 ነጥብ ነው። ኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ) የምንጊዜም ከፍተኛ አስቆጣሪ ብሎ የሚመዘግበው ግን በመደበኛው ውድድር ብቻ ነው። በዚያ የካሪም 38,387 ነጥብ የተሰበረው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023 ሎስ አንጀለስ ላይ፣ የሌብሮን ክለብ ሌከርስ ከኦክላሆማ ሲቲ ሲጫወት ነው። ቁጥሩን ከመጻፍዎ በፊት የሰንጠረዡን ራስጌ ያንብቡ።

የቻምበርሌንን 100 ነጥብ በዛሬ ሕግ ማየት

እዚህ ላይ ስህተት ይደራረባል። በአንድ የኤንቢኤ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረው የዊልት ቻምበርሌን ክለብ ፊላደልፊያ ዋሪየርስ ነበር እንጂ ሰቨንቲሲክሰርስ አይደለም፤ ያው ክለብ በዚያው በ1962 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ዛሬ ጎልደን ስቴት ይባላል። ጨዋታው የተካሄደው ፊላደልፊያም ኒውዮርክም ሳይሆን ሄርሺ በምትባል የፔንሲልቬንያ ትንሽ ከተማ፣ በ4,124 ተመልካች ፊት ነው። ባለ ሦስት ነጥብ መስመር ኤንቢኤ ውስጥ የገባው በ1979 ስለሆነ ሂሳቡ አጭር ነው፦ 36 ቅርጫት በሁለት ሲባዛ 72፣ በቅጣት ምት 28፣ ድምሩ 100። የቅጣት ምት በመሳት የሚታማ ሰው ያን ምሽት ከ32 አራቱን ብቻ መሳቱ ከነጥቡ ያላነሰ የሚገርም ነው። የጨዋታው ቪዲዮ የለም፤ «ቅጂው ይኸውና» የሚል ቢገጥምዎ ከሌላ ጨዋታ የተወሰደ ነው። ቀኑ ማርች 2 ቀን 1962፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1954፣ የዓድዋ በዓል ዕለት ነው። እዚያ ሲመሽ ግን አዲስ አበባ ለ24 አጥቢያ ሆኖ ነበር።

የውድድር ዘመኑንና የፍጻሜውን ቀን ማምታታት

የአሜሪካ እግር ኳስ (ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ) በሴፕቴምበር ተጀምሮ ፍጻሜው ሱፐር ቦውል የሚደረገው በቀጣዩ የፈረንጆች ዓመት ነው። ማያሚ ዶልፊንስ 14 መደበኛና 3 የፕሌይኦፍ ጨዋታዎችን ሁሉ አሸንፎ የወሰደው የ1972ቱን ዋንጫ ሲሆን ፍጻሜው የተካሄደው ጃንዋሪ 14 ቀን 1973 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁሉም በ1965 ውስጥ ያልቃል፤ ከሴፕቴምበሩ ዓመት ሰባት፣ ከጃንዋሪው ስምንት መቀነስ ሲረሳ ነው አንዱ ዋንጫ ሁለት የሚሆነው። «ሳይሸነፍ የጨረሰ» የሚለውም ይለይ፦ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በ2007 መደበኛውን 16 ጨዋታ በሙሉ አሸንፎ ፍጻሜው ላይ በጃየንትስ 17 ለ 14 ተረትቷል።

የጨዋታ ብዛትን መርሳት

በዚሁ የአሜሪካ እግር ኳስ ኤሪክ ዲከርሰን በ1984 ኳስ ይዞ የሮጠው 2,105 ያርድ በ16 ጨዋታ ነው። ኦ ጄ ሲምፕሰን በ1973 2,003 ያርድ የሮጠው በ14 ነበር፤ በጨዋታ በአማካይ ሲታይ የሲምፕሰን 143 ከዲከርሰን 132 ይበልጣል። ዛሬ ደግሞ 17 ጨዋታ ነው። ቤዝቦልም እንዲሁ፦ ቤብ ሩት በ1927 60 ሆም ራን (መቺው ሁሉንም ማረፊያዎች ዞሮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት) የመታው በ154 ጨዋታ ዘመን፣ ሮጀር ማሪስ በ1961 61 የመታው በ162 ነው። የአሮን ጀጅ 62 (2022) ከሁለቱ የቤዝቦል ሊጎች የአንዱ፣ የአሜሪካን ሊግ ብቻ ክብረ ወሰን ነው፤ የመላው ቤዝቦል የባሪ ቦንድስ 73 (2001) ነው።

«ኦቬችኪን የግሬትስኪን ክብረ ወሰን ሰበረ» ብሎ ማቆም

የትኛውን? ኤፕሪል 6 ቀን 2025 የተሰበረው የ894 ጎል ነው። በአይስ ሆኪ ጎልና አመቻችቶ ማቀበል ተደምረው ነጥብ ይባላሉ፤ የግሬትስኪ 2,857 ነጥብ አልተነካም።

አማተሩን ከፕሮፌሽናሉ መቀላቀል

በ1980 የክረምት ኦሎምፒክ ሌክ ፕላሲድ ላይ ሶቪየትን 4 ለ 3 ያሸነፈው የአሜሪካ ሆኪ ቡድን የአማተሮች እንጂ የፕሮፌሽናሎች አልነበረም። ወርቁም የተገኘው ያን ቀን ሳይሆን ከሁለት ቀን በኋላ ፊንላንድን 4 ለ 2 በመርታት ነው።

ያረጀ ሰንጠረዥ መገልበጥ

የቤዝቦል ሊግ በ2024 ጥቁሮች ተለይተው ይጫወቱባቸው የነበሩትን ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ስላዋሃደ፣ በዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ (የተሳካ ምት ለሙከራ ሲካፈል) አንደኛው ጆሽ ጊብሰን ነው፤ 0.372። ታይ ኮብን በ0.367 አንደኛ የሚያደርግ ሰንጠረዥ ካገኙ፣ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ነው።