የተቆለመመ የመጽሐፍ ሽፋን እንዴት እንዳቃናሁ

ለአውደ ርዕዩ በእጄ የምጠርዛቸው መጻሕፍት ስለ ቤት ናቸው፤ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ክፍል፣ ሽፋኑ ደግሞ በር ነው። በሩ ግን አልገጥም አለ። ሙጫው ሲደርቅ፣ ወረቀት የለጠፍኩበት የሽፋኑ ካርቶን ጠርዝ ወደ ውጭ ይቆለመም ነበር።

ነገሩ ያለው ቃጫው ላይ፣ ማለትም የወረቀቱ ክሮች በተደረደሩበት አቅጣጫ ላይ ነው። ወረቀት ሙጫ ሲነካው በቃጫው ርዝመት ሳይሆን በአግድሙ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ካርቶኑን ወደ ራሱ ይስባል። በውጭ በኩል ብቻ ከተለጠፈ ስበቱን የሚመክትለት የለም።

ስለዚህ የካርቶኑም የወረቀቱም ቃጫ ከመጽሐፉ ጀርባ፣ ማለትም ገጾቹ ከሚጠረዙበት ጎን ጋር ትይዩ እንዲሆን አድርጌ ቆረጥኩ። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳያጥፉ በርዝመቱም በወርዱም ቀስ ብሎ ማጉበጥ ነው፤ እሺ ብሎ የሚጎብጥበት መስመር የቃጫው መስመር ነው። ከዚያ በካርቶኑ የውስጥ ገጽም ወረቀት ለጠፍኩ። ዋናው መፍትሔ ይሄ ነው፤ ሁለቱ ስበቶች ተመጣጠኑ። ሙጫውን በስሱ ቀብቼ፣ በሽፋኑና በገጾቹ መካከል እርጥበት መጣጭ ወረቀት አስገብቼ፣ ክብደት ጫንኩበት። መጣጩ ሲርስ መቀየር አለበት፤ አለዚያ እርጥበቱ በገጾቹ ላይ ወዳሉት ሥዕሎች ይሻገራል።

ቀድመው የተቆለመሙትንም በውስጥ በኩል ወረቀት ለጥፌ፣ እንደገና ክብደት ጭኜ አዳንኳቸው።