የሰፈር ግሩፕ ላይ የጥላቻ መልእክት ሲለጠፍ፦ ይጥፋ የሚለው ማነው?

ሀዋሳ ውስጥ ለቤት ኪራይ ወይም ለእድር የተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ በአንድ ፎርዋርድ የብሔር መሰዳደቢያ ሊሆን ይችላል። ያኔ አድሚኑ ሳይሾም ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

ሚዛኑን ከአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይውሰዱ። የጥላቻ ንግግር የሚባለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ዜና፣ የፖለቲካ ትችት፣ ጥናት፣ ኪነ ጥበብና የሃይማኖት ትምህርት ግን ከክልከላው ተለይተው ወጥተዋል። «ውሃ ለምን ጠፋ? ኃላፊው ይነሳ!» የሚለውን አትንኩ፤ ባለሥልጣን ብሔር አይደለም።

ወሳኞቹ ሦስት ይሁኑ፤ ሁለት ከሆኑ ድምፅ እኩል ይወጣና ነገሩ ይንጠለጠላል። ቢያንስ አንዱ ሲዳምኛ የሚችል ይሁን፤ በግሩፑ ወላይትኛ የሚጻፍ ከሆነም እንዲሁ። ስድብ ብዙ ጊዜ በተረትና በቅጽል ስም ተሸፍኖ ስለሚመጣ የማሽን ትርጉም አያገኘውም። የተሰደበው አድሚንም ሆነ የለጣፊው ዘመድ ድምፅ አይሰጥም።

ከመሰረዝ በፊት ስክሪንሹት ያንሱ፦ ሙሉው መልእክት፣ ሰዓቱ፣ የላኪው መለያ፣ ፎርዋርድ ከሆነም የመጣበት ቻናል ይታይ። ቴሌግራም የተሰረዘውን ለአድሚኖች የሚያሳየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ፖሊስ በሦስተኛው ቀን ቢጠይቅ ባዶ እጅ ይቀራሉ። የሰው ስም፣ ቤት ወይም ሰዓት ጠቅሶ የሚዝት መልእክት ግን ድምፅ አይጠብቅም። ስክሪንሹት አንስተው ያጥፉ፣ ለተዛተበት ሰው ይንገሩ፣ ለፖሊስ ያመልክቱ።

ጭቅጭቁ ከጋለ አንድ በአንድ መሰረዝ አያዋጣም፤ የተሰረዘበት ሰው መልሶ ይለጥፋል። አንድ ሰው በየስንት ጊዜ መልእክት መላክ እንደሚችል የሚገድበውን ስሎው ሞድ 15 ደቂቃ ላይ ያድርጉት። ግሩፑን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ግን ወሬውን ወደማታዩት ግሩፕ ያሸሸዋል።

ብዙ አድሚን የሚሳሳተው ስድቡን ለማውገዝ ጠቅሶ የለጠፈውን ከተሳዳቢው ጋር ሲያጠፋ ነው። ሌላው ስህተት ዝም ብሎ መሰረዝ ነው፤ ምክንያቱ ካልተነገረ «የእኛን ወገን አፈኑ» ይባላል። ስለዚህ የትኛው ደንብ እንደተጣሰ በሁለት መስመር ይጻፉ። ቅሬታውን የሚያየው በውሳኔው ያልነበረ አራተኛ ሰው ይሁን፤ እሱ ይመለስ ካለ መልእክቱ በዚያው ቀን እንደገና ይለጠፋል።