ሾክ አብዞርበር መቼ ይቀየር? ኮረኮንች ለሚነዳ ሰው

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከአስፋልቱ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ያለው ኮረኮንች አጭር ነው፤ ግን በቀን ሁለቴ፣ ዓመቱን ሙሉ ነው። ሾክ አብዞርበር አብዛኛውን ጊዜ ከ80,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። ስሌቱ ለደህና አስፋልት ነው። እኛ ሰፈር ኪሎ ሜትር እየቆጠሩ መጠበቅ አያዋጣም፤ ምልክቱን ማየት ይሻላል።

ብሬከር ካለፈ በኋላ መርገብገቡን አያቆምም

የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ ደግሞ ሞላው እንዳይዘል ይይዘዋል፤ ፒስተኑ ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ዝላዩን ያበርዳል። ዘይቱ ከፈሰሰ ወይም ቫልቩ ከደከመ የሚይዘው የለም። የኮፈኑን ጥግ በሁለት እጃችሁ ተጫኑና ልቀቁት። አንዴ ተነስቶ ከረጋ ደህና ነው። ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘ አልቋል። ግን በዚህ ብቻ አትርኩ፤ የደከመ ሾክም ይህን ፈተና ሊያልፍ ይችላል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው መሬት ሊስም የሚደርስ ከሆነ ያው ችግር ነው።

ዘይት ይታያል

ከጎማው ጀርባ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ስስ ወዝ አያስደነግጥም። ዘይቱ ወርዶ አቧራው ላዩ ላይ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ከተጋገረ ግን ዘይት የሚይዘው ላስቲክ ተበልቷል። «ዘይት እናስሞላው» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ላስቲኩ ካልተቀየረ ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል።

ጎማው ወጣ ገባ ሆኖ ይበላል

መዳፋችሁን ጎማው ላይ ዙሪያውን አሻሹ። አንዱ ቦታ ጎድጉዶ ሌላው ካበጠ ጎማው መሬቱን እየነጠረ ነው የሚነካው። ባላንሱንም አብራችሁ አስፈትሹ።

ቋ፣ ቋ ይላል

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ በዚህ ድምፅ ምክንያት ሁለቱን የፊት ሾኮች አስቀየርኩ። ከጋራዡ ወጥቼ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ያው ድምፅ ተቀበለኝ። ጥፋቱ የስታብላይዘር ሊንክ ነበር፤ መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት የሚያገናኝ ትንሽ ዘንግ ነው፤ ዋጋው ከሾኩ ጋር አይወዳደርም። በጣም ነው የቆጨኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ሊንኩን፣ ቦኮላዎቹን (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያሉትን ላስቲኮች) እና የሾኩን የላይ መቀመጫ አስነቅንቁ።

ሲቀየር

ሁልጊዜ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ አዲስ ሌላው ደካማ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲያዝና ሲታጠፍ እኩል አይቆምም። አቧራ የሚከላከለው ላስቲክ ከተቀደደም አብሮ ይቀየር፤ በእኛ አቧራ ያለ እሱ አዲሱም አይቆይም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ዘንጉን ወደ ውስጥ ግፉት። ከላይ እስከ ታች እኩል መክበድ አለበት። መሃል ላይ ባዶ ከሆነባችሁ ወይም ዘንጉ ከተጫረ ተዉት።

የፊቱን ሞላ ያለ ማመቂያ መሣሪያ ቤት ውስጥ ለመፍታት አትሞክሩ፤ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። ከተገጠመ በኋላ የጎማ አላይመንት አሠሩ። ቦኮላ ያለባቸው ብሎኖችም በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።