የእንግሊዝኛ ጥምር ቅጽሎች፦ ከየት ይከፈላሉ፣ ለምን ይሳሳታሉ?

ጥምር ቅጽል የሚባለው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቃላት ተጣምረው እንደ አንድ ቅጽል ሲያገለግሉ ነው።

ችግር፦ ቃሉ ሲነበብ ይረዝማል። «ስትሮንግ-ማይንዲድ» (strong-minded) 3 ሲለብል (በአንድ አናባቢ ዙሪያ በአንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ክፍል) ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ሆኖ ይነበባል።

መንስኤው የፊደላችን ጠባይ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ አጻጻፉ ግን ያው ነው። አማርኛም በቃል መነሻ ላይ የተደራረበ ተነባቢ ስለማይመቸው «እ» ጨምሮ «እስትሮንግ» ያሰኛል።

መፍትሄ፦ ፊደል ሳይሆን አናባቢ ቁጠሩ። መዳፋችሁን ከአገጫችሁ ሥር አድርጋችሁ ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት፤ አገጭ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ሲለብል ነው። ስትሮንግ፣ ማይን፣ ዲድ። መነሻው ካስቸገረ «ስ»ን እንደሚተነፍስ ጎማ «ስስስ» እያላችሁ ሳታቋርጡ «ትሮ» ውስጥ ግቡ።

ችግር፦ መጨረሻ ላይ ያለው «ኢ-ዲ» (-ed) ሁልጊዜ «ኤድ» ተብሎ ይነበባል።

ራሱን ችሎ ሲለብል የሚሆነው ከፊቱ ያለው ድምፅ «ት» ወይም «ድ» ሲሆን ነው፦ ካይንድ-ሃርቲድ፣ 3። ሌላው ጋ ወደ ቀዳሚው ሲለብል ይጠጋል፦ ብሉ-አይድ 2፣ ኦልድ-ፋሸንድ 3። እንደ «ስ»፣ «ፕ»፣ «ክ» ካሉ ነዛሪ ያልሆኑ (ጉሮሮን የማያርገበግቡ) ድምፆች በኋላ «ት» ይሰማል፦ ሬድ-ፌይስት። ጥቂት አፈንጋጮች አሉ፤ ለምሳሌ «ትሪ-ሌግድ»ም «ትሪ-ሌጊድ»ም ትክክል ናቸው።

ችግር፦ ቃሉ ከተሳሳተ ቦታ ይሰነጠቃል። ተማሪው «ሄርድ» የሚለውን ለብቻው መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጎ «ሎንግ-ሄርድ» ምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ትልቅ እገዛ ያደርጋል። «ባለ ረጅም ፀጉር» ስንል «ባለ» የሚይዘው «ፀጉር»ን ብቻ ሳይሆን «ረጅም ፀጉር»ን በሙሉ ነው። «ኢ-ዲ»ም እንደዚሁ፦ መጀመሪያ «ሎንግ ሄር» ይጣመራል፣ ከዚያ ቅጥያው ለሁለቱ በጋራ ይለጠፋል። «ባለ» ከፊት፣ «ኢ-ዲ» ከኋላ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ትርጉም ስትፈልጉ መጀመሪያ «ኢ-ዲ»ን አንሡና የቀረውን ተርጉሙ፣ ከዚያ «ባለ» ጨምሩ። ስሙን («ልብ») በሚያስቀድመው በ«ልበ ቀና» ቅደም ተከተል ግን አትሂዱ፤ እንግሊዝኛው ቅጽሉን ያስቀድማል።

መስመር ሲያልቅባችሁም ቃሉን ቀድሞ ካለው ጭረት ላይ ብቻ ስበሩት። «ሃር» እና «ቲድ» ከተለያዩ ሁለተኛ ጭረት ይገባና አንባቢው ሦስት ቃል የተጣመረ ይመስለዋል።

ችግር፦ «ፋይቭ-ይርስ-ኦልድ ቦይ»። ከስም በፊት በሚመጣ እንዲህ ያለ ጥምር ቅጽል ውስጥ የብዙ ቁጥር «ስ» አይገባም፤ «ፋይቭ-ይር-ኦልድ ቦይ» ነው። «የአምስት ዓመት ልጅ» እንጂ «የአምስት ዓመታት ልጅ» አንልም። «ሂ ኢዝ ፋይቭ ይርስ ኦልድ» ሲሆን ግን «ስ» ይመለሳል፣ ጭረቶቹም ይወጣሉ።

ችግር፦ ጭረት ይዘነጋል። «ማን-ኢቲንግ ሻርክ» ሰው በላ ሻርክ ነው፤ ጭረቱ ከወጣ ሻርክ የሚበላ ሰው ሊሆን ይችላል። በ«ሊ» ከሚያልቅ ተውሳከ ግሥ በኋላ ግን ጭረት አታድርጉ፦ «ሃይሊ ስኪልድ ዎርከር»።