ጧት የሚንቀጠቀጥ ፕሪየስ፦ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላሸቱን እንዴት መለየት ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ጧት ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ መኪና «ብርዱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከ2010 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 1.8 ሊትር ቶዮታ ፕሪየስ ከሆነ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ቸልታው ሞተር ሊያስገዛ ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት ጌጅ የለም፤ የማስጠንቀቂያው መብራት ሲበራ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

መነሻው በአብዛኛው ጥላሸት ነው። የኢጂአር (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል) ማቀዝቀዣውና የማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ቀጫጭን ቀዳዳዎች ሲደፈኑ አንዱ ሲሊንደር ከሌላው ይበልጥ ይግላል፤ ጓርኒሲዮኑም በዚያ በኩል ይለቃል።

1. ሞተሩ በርዶ እያለ የኩላንቱን (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ልክ በማርከር ያስምሩ። ኮፈኑ ስር ሁለት ማጠራቀሚያ አለ፤ የሚሰመረው የሞተሩ እንጂ የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተር የሚቀይረው ክፍል) አይደለም። መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ በሳምንት ከቀነሰ ይቀጥሉ።

2. ጧት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ተንቀጥቅጦ ከዚያ ጸጥ የሚል ከሆነ፣ ሌሊቱን ሲሊንደር ውስጥ የገባ ኩላንት ይጠርጥሩ። በብርድ የሁሉም መኪና ጭስ ነጭ ነውና የሚለየው ጣፋጭ ሽታው ነው። ስካነሩ (የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያለ ኮድ ካወጣ የመጨረሻው አሃዝ የሲሊንደሩ ቁጥር ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ካንዴላና ኮይል (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉ ክፍሎች) ገዝተው ገንዘብ ያባክናሉ።

3. ወሳኙ ምርመራ ይህ ነው፦ በበረደ ሞተር ማጠራቀሚያው ላይ የግፊት መለኪያ ገጥመው 1 ባር ያህል ሞልተው ያሳድሩት። ጧት ግፊቱ ወርዶ ውጭው ደረቅ ከሆነ አራቱንም ካንዴላ አውጥተው በትንሽ ካሜራ ይዩ። ሦስቱ ፒስተን ጠቁሮ አንዱ ታጥቦ ከነጣ በሽተኛው እሱ ነው።

4. የሞተሩ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ኩላንቱ መግባቱን ለማየት በሰማያዊ ፈሳሽ የሚደረገው ምርመራ ሞተሩ ሳይቆም እንዲሠራ ይፈልጋል፤ ሃይብሪድ (በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና) ደግሞ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ፍሬን ሳይረግጡ የማስነሻ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፤ ማርሹ በፒ (ፓርክ) ሆኖ ነዳጅ መስጫውን ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ በኤን (ነፃ ማርሽ) ሁለት፣ እንደገና በፒ ሁለት ጊዜ ይድገሙ፤ ከዚያ ፍሬን ይዘው ያስነሱ። ሁሉም በ60 ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከዞረ ጋዝ አለ። ባይዞርም ነጻ ነው አይባልም፤ ትንሽ ቀዳዳ በዚህ ላይታይ ይችላል።

ከተረጋገጠ በኋላ ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በርን ልውጣ አይበሉ። የቀዳዳ መድፈኛ ኬሚካልም አይጨምሩ፤ የሂተሩን ቱቦዎች ይዘጋል።

ሲጠገን በቅድሚያ የ12 ቮልቱ ባትሪና ብርቱካናማው የሃይ ቮልቴጅ መሰኪያ ወጥተው 10 ደቂቃ ይጠበቅ። ቴስታታው በቀጥታ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ሲታይ ጥመቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቶርኖ ቤት ይሂድ። አዲስ ብሎኖቹ በቅደም ተከተል በ49 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ፣ ከዚያ 90፣ በመጨረሻም 45 ዲግሪ ይዙሩ። ኩላንት የገባበት ሞተር በኃይል ተነስቶ ከነበረ የፒስተን ክንዱም ጎብጦ እንደሆነ ይታይ። ኢጂአሩና ማኒፎልዱ ሳይጸዱ ጓርኒሲዮን ብቻ መቀየር ግን ድካም ነው፤ ይመለሳል።

በሮዙ የቶዮታ ኩላንት ሞልተው አየሩን ያስወጡ፤ የማጠራቀሚያውንም ክዳን ይቀይሩ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን እዚህ ከቆላው ቶሎ ይጎዳል።