ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚያስቅ የጉርምስና ፍቅር፦ አጭር ፊልም በጎንደር እንዴት እንደሚሰራ

የ15 ዓመት ልጅ የጎረቤቱን ልጅ ወድዷል። እሷ ከቤት የምትወጣው ለቅሶ ሲኖር ብቻ ነው። ልጁ ቀስ በቀስ ሰው እስኪሞት መጠበቅ ይጀምራል። ለ10 ደቂቃ ፊልም ይህ ታሪክ ይበቃል። ድርሰቱ ከ10 ገጽ አይለፍ፤ በፊልም አጻጻፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናል።

ተዋናዮቹ ልጆች ከሆኑ ከልምምዱ በፊት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ለቀረጻ ስልክ ይበቃል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጉ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬምና በ1/60 የተቀረጸ ምስል ፍሎረሰንት ሥር ይርገበገባል። ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ማይክ ግዙበት። ፒያሳ ላይ ባጃጁ ንግግሩን ይውጠዋል፤ የመንገድ ትዕይንቶችን ያለ ንግግር ጻፉ። ፋሲል ግቢን ለማስገባትም አትጓጉ፤ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ታሪኩንም ከሰፈር ያወጣዋል።

ከባዱ የድንኳኑ ትዕይንት ነው። ማሳቅ ያለበት የልጁ ሁኔታ እንጂ ለቅሶው አይደለም። አስለቃሿ ከተጋነነች ተመልካቹ በሐዘኑ እንደተቀለደበት ይቆጥረዋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አያስቀውም። ነጠላው እንደ ወጉ ይዘቅዘቅ፣ ለቅሶው የምር ይለቀስ። ልጁም ለማሳቅ አይሞክር፤ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነው፣ ንፍሮውን እሷ ጋ ማድረስ።

ንፍሮ አዳይ አድርጉት። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁማችሁ ድንኳኑን በሙሉ በአንድ ሰፊ ፍሬም ያዙ። ልጁ የተዘረጉ እጆችን እየዘለለ ሦስት ጊዜ እሷ ጋ ይመለሳል፤ እፍኟ ሞልቶ ይፈሳል፤ አጠገቧ የተቀመጡ እናት ዝም ብለው ያዩታል። ይህን አትቆራርጡት፤ የተዘለሉት እጆችና ልጁ አንድ ላይ ካልታዩ ነገሩ አያስቅም። የእናትየውን ፊት በክሎዝ አፕ ለብቻ ውሰዱ፣ «ቁረጥ» ከማለታችሁ በፊትም አምስት ሰከንድ ጠብቁ። በኤዲቲንግ ጊዜ ሳቁን የሚያወጣው ያ ዝምታ ነው። ሥሩ የሚያስቅ ሙዚቃ ከገባ ግን ይበላሻል።

ሰማያዊ ሸራ የሁሉንም ፊት ሰማያዊ ያደርጋል፣ በኋላም በቀላሉ አይስተካከልም። ነጭ ድንኳን ፈልጉ፤ ካጣችሁ አንዱን ጎን ገልጣችሁ ሰዎቹን ወደ ብርሃኑ አዙሩ። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) ቆልፉ። ለኤዲቲንግ እንዲሆናችሁ ሁሉም ጸጥ ብሎ የድንኳኑን ድምፅ 30 ሰከንድ ቅረጹ። ንፍሮው በብዛት ይቀቀል፤ በየድግግሞሹ ይደፋል።

ከዋዜማው ለሰፈሩ እድር መንገር አትርሱ። ድንኳን ተተክሎ ያየ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት እያለቀሰ ይመጣል።

መጨረሻ ላይ የምትሞተው የልጁ አያት ናት። የወደዳት ልጅ ለቅሶ ስትመጣ ልጁ ቀና ብሎም አያያትም። ይህን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰፊ ፍሬም ቅረጹ፤ የትራይፖዱን እግሮች ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ለልጁም ቅያሪ ልብስ አዘጋጁ።