ቆዳ ወረቀት አይደለም፦ ስትነቀሱ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግራ እጄ አንጓ ላይ ባለ አምስት ፊደል ቃል አለ። የተነቀስኩ ቀን ከመጽሐፍ ተቆርጦ የተለጠፈ ነበር የሚመስለው፣ ጥርት ያለ። አሁን ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አራተኛውን ፊደል አይቶ የሚለይ ሰው የለም፤ «ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ ያልጠየቀኝም የለም። ነቃሹ «ትንሽ ተለቅ እናድርገው» ብሎ ለምኖኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር አንድ ነው። ምስሉን ስመርጥ ወረቀት ላይ እንደሚታተም አድርጌ ነበር የማስበው። ቆዳ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይታደሳል፣ ይወጠራል፣ ይሸበሸባል፣ ፀሐይ ይለውጠዋል። ሰው በታቱ ሲጸጸት ሳይ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ይህን ከመርሳት ነው።

ትንሽ ሲሆን ያምራል ማለት

መርፌው ቀለሙን የሚያስቀምጠው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ሁለተኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ነው። የላይኛው ሽፋን በአንድ ወር ገደማ ተራግፎ በአዲስ ስለሚተካ እዚያ የቀረ ቀለም አብሮ ይሄዳል። ታች የገባውን ግን ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ስለሚያየው በሽታ ተከላካይ ሴሎች መጥተው ይውጡታል። ይውጡታል እንጂ ሊፈጩት አይችሉም። ሴሉ ሲሞት ቀለሙን ይለቀዋል፣ ሌላ ሴል ደግሞ መልሶ ይውጠዋል። ታቱ ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ቅብብል ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ቀለሙ ባለበት ረግቶ አይቀመጥም፤ መስመሩ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ዛሬ ፀጉር የምታህል ክፍተት ኋላ ትደፈናለች።

በእኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ሰ» እና «ሸ»ን የሚለያቸው ከላይ ያለችው አንዲት ሰረዝ ናት። «ለ» እና «ሉ»ን የሚለያቸው በጎን የወጣች ትንሽ ቅጥያ ናት። እነዚህ ተዋጡ ማለት ቃሉ ሌላ ቃል ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ስቴንስሉ፣ ማለትም ነቃሹ ተከትሎት የሚሠራው የንድፉ ቅጂ፣ ቆዳችሁ ላይ እንደተለጠፈ፣ መርፌ ሳይነካው፣ አብሯችሁ የመጣው ሰው ሁለት እርምጃ ርቆ ያንብብላችሁ። ከተንገዳገደ ይተለቅ።

ቦታም እንደዚያው ነው። የጣት ጎን፣ መዳፍና የእግር መርገጫ ሁልጊዜ ይፋተጋሉ፣ ቆዳቸውም ቶሎ ይታደሳል፤ ቀለሙ ወይ ይጠፋል ወይ ቦታ ቦታውን ይቀራል። ነቃሹ «ጣት ላይ አልሠራም» ካላችሁ አትቀየሙት። ስንቱን አይቶ ነው።

ትኩስ ፎቶ አይቶ ነቃሽ መምረጥ

ስልካችሁ ላይ የምታዩት ውብ ታቱ በአብዛኛው የተነሣው ሥራው ባለቀ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ቀለሙ ገና ደምቋል፣ ቆዳው ተወጥሯል፣ መብራቱም ተመርጦለታል፣ አንዳንዴም ፊልተር ተጨምሮበታል። መጠየቅ ያለባችሁ «ከዳነ በኋላ ያለውን አሳየኝ፣ ዓመት የሞላው ካለህም እሱን» ብላችሁ ነው። በሥራው የሚተማመን ነቃሽ ይህን ጥያቄ ይወደዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ያስፈልጋል፦ እንደ እናንተ ዓይነት ቆዳ ላይ ሠርቶ ያውቃል? ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ያለው ከታቱው በላይ ባለው ሽፋን ነው። ታቱውን የምታዩት ባለቀለም መስታወት ውስጥ እንደማየት ነው። ቢጫ፣ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይሸፈናሉ፤ ጥቁርና ጠለቅ ያሉ ቀለሞች ግን ጥሩ ሆነው ይታያሉ። ልምድ የሌለው ነቃሽ ቀለሙ አልታይ ሲለው ደጋግሞ ይወጋል፣ ጠልቆም ይሄዳል። ያኔ ቆዳው ይጎዳል፣ ጠባሳ ይተዋል። «ጥቁር ቆዳ ላይ ቀለም አይሠራም» የሚላችሁ ደግሞ ሙያው ይጎድለዋል። ሌላ ፈልጉ፤ ቀለም መምረጥ የሚያውቁ ሞልተዋል።

ይሉኝታ ይዟችሁ ንጽሕናውን አለማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄኛው ከውበት ያለፈ ነገር ነው።

ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት እጁን ተከታተሉ። መርፌው ከታሸገ ወረቀቱ መውጣት ያለበት ዓይናችሁ እያየ ነው። ማሸጊያው ላይ በማምከኛው ውስጥ ማለፉን የሚያሳይ ቀለሙን የሚቀይር ምልክትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለ፤ «ላየው?» በሉት። ቀለሙ ከጠርሙሱ ወደ ትንንሽ ኩባያ ይቀዳል፣ የተረፈው ይደፋል እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። ጓንት አድርጎ እየሠራ ስልኩ ጠርቶ ካነሳ፣ ያ ጓንት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቆሻሻ ነው። ሲመልሰው ካልቀየረ «ይቅርታ፣ ጓንቱን ቀይርልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ለማለት አሥር ደቂቃ አፍሬ ተቀምጫለሁ፤ ያንን አሥር ደቂቃ እስካሁን እቆጭበታለሁ።

መርፌን በአልኮል መጥረግ ወይም በክብሪት ማንደድ ማምከን አይደለም። እንደገና የሚሠራበት የብረት ዕቃ በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በታመቀ እንፋሎት፣ በተለምዶ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት። መርፌ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶበት ይጣላል፣ በቃ። በተበከለ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የሚባሉት የጉበት በሽታዎች ይተላለፋሉ። ለቢ ክትባት አለው፣ ለሲ የለውም።

ነቃሹ ንጹሕ ሆኖም ቀለሙ ራሱ ሊበከል ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 መጨረሻ አሜሪካ፣ ሮቸስተር ከተማ ውስጥ አንድ ነቃሽ ዘንድ የተነቀሱ 19 ሰዎች የቲቢ ዘመድ በሆነ ባክቴሪያ ተይዘው ቆዳቸው ላይ ቶሎ የማይለቅ ሽፍታ ወጣባቸው። ሲመረመር ምንጩ ቀድሞ ተቀጥኖ የመጣ ግራጫ ቀለም ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የቀለሙን አምራችና የባች ቁጥር (ጠርሙሱ ላይ ያለውን የምርት ዙር መለያ) ፎቶ አንሡና አስቀምጡት፤ ችግር ቢመጣ ሐኪማችሁ ይፈልገዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2022 ጀምሮ በታቱ ቀለም ውስጥ ያሉ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን የከለከለው ወይም የገደበው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለሙ የት እንደተሠራ የማያውቅ ነቃሽ እኔን አይነካኝም።

የማታነቡትን መነቀስ

ዘፋኟ አሪያና ግራንዴ በ2019 «ሰባት ቀለበቶች» ለማለት መዳፏ ላይ በጃፓንኛ ያስጻፈችው ጽሑፍ «ትንሽ የከሰል ምድጃ» የሚል ትርጉም ሆኖ ተገኘ። አቅሙም ሰውም ያላት ሴት ይህ ከደረሰባት፣ ከኢንተርኔት ቀድቶ የሚሄድ ሰው ላይ ምን እንደሚደርስ አስቡት። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ያንብብላችሁ። አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው፣ ለየብቻ።

ምልክትም እንደ ጽሑፍ ይነበባል። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች «ታ ሞኮ» የሚሉት ንቅሳት የሰውየውን ዘር ሐረግና ማንነት ይናገራል። ደስ ስላለን ብቻ መገልበጥ የሌላ ሰውን የዘር ሐረግ ፊታችን ላይ መለጠፍ ነው። ማኦሪ ላልሆነ ሰው የሚሠራ «ኪሪቱሂ» የሚሉት አለ፤ ወዳጆቹ እሱን ይጠይቁ።

ስሜት ሲግል መወሰን

ሐዘን ላይ፣ አዲስ ፍቅር ላይ፣ ጓደኛ ሲገፋፋችሁ፣ መጠጥ ቤት አምሽታችሁ። አትነቀሱ። ምስሉን አትሙና በየቀኑ የምታዩት ቦታ ላይ ስድስት ወር ለጥፉት። ካልሰለቻችሁ ሂዱ። የፍቅረኛ ስም ላይ ብዙ አልናገርም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የጤና ነገር መደበቅ

ከዚህ በፊት ጠባሳችሁ ከቁስሉ አልፎ ካበጠ፣ ማለትም ኬሎይድ ካላችሁ፣ ተናገሩ። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ላይ ይበዛል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ስኳር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒታችሁንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ማርያም የሳመችው ላይ ደግሞ አታስነቅሱ። ቀለም ከሸፈነው መልኩን ሲቀይር አይታይም፣ የቆዳ ካንሰር የሚታወቀው ደግሞ በመልኩ ለውጥ ነው።

«ለጊዜው ነው» ብሎ ጥቁር ሂና መቀባት

እውነተኛው ሂና የሚሰጠው ብርቱካናማ ቡኒ ቀለም ነው። በአንድ ሰዓት ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነው ውስጡ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ስላለበት ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካችሁን የፀጉር ቀለም በነካችሁ ቁጥር አለርጂው ሊነሣባችሁ ይችላል። ልጆችን በተለይ ጠብቁልኝ።

ከወጡ በኋላ ያለውን ጊዜ መናቅ

አዲስ ታቱ ቁስል ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ ሽታ በሌለው ሳሙና ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፣ በንጹሕ ወረቀት ፎጣ መታ መታ እያደረጋችሁ አድርቁት፣ ስስ አድርጋችሁ ቅባት ቀቡት። ስስ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ይድናል ብሎ ቅባት ይጭንበታል፤ ቁስሉ ረጥቦ ቅርፊቱ ይላላል፣ ሲነሣም ቀለሙን ይዞት ይነሣል።

ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ማሳከክ ይመጣል። ያሳብዳል። አትከኩት፣ ቅርፊቱን አትላጡ፤ በመዳፍ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉት። ላዩ እስኪድን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፣ እስከዚያ ዋናም ፀሐይም የለም። ከዳነ በኋላ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሳንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ሁልጊዜ ተቀቡ፤ ታቱን የሚያደበዝዘው ከምንም በላይ ፀሐይ ነው።

መጀመሪያ ላይ መቅላትና ትንሽ ማበጥ ያለ ነው። ቅላቱ ከቀን ወደ ቀን ከሰፋ፣ መግል ከያዘ፣ ቀይ መስመር ከቁስሉ ወጥቶ ከሄደ ወይም ካተኮሳችሁ ግን ወደ ነቃሹ ሳይሆን ወደ ሐኪም ሂዱ። በዚያው ቀን።

«ካስጠላኝ በሌዘር አጠፋዋለሁ»

ሌዘር ቀለሙን ይሰባብረዋል እንጂ አያነሣውም። የተሰባበረውን ጠርጎ የሚያወጣው ሰውነት ነው፣ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው በአንዱ የሌዘር ዙርና በሌላው መካከል ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚጠበቀው፣ ደጋግሞ መመላለስም የሚያስፈልገው። ጥቁር ቀለም በተሻለ ይለቃል፤ ቢጫና አረንጓዴ ያስቸግራሉ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሌዘሩ ሜላኒኑንም ስለሚመታ ነጭ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ሊተው ይችላል፤ 1064 ናኖሜትር በሆነ የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚሠራው ማሽን የተሻለ ደኅንነት አለው። በየትኛው እንደሚሠሩላችሁ ጠይቁ፣ መጀመሪያ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ይሞክሩላችሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው መካከለኛ መንገድም አለ። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ትታችሁ በጥቂት ዙር ማደብዘዝና በላዩ ላይ ሌላ ታቱ ማሠራት ይቻላል። እኔ ለእጄ አንጓ የመረጥኩት ይህን ነው። ሁለት ዙር ጨርሻለሁ፣ ሦስተኛው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። በላዩ የሚመጣው ቅጠል ከቃሉ አራት እጥፍ ይሰፋል፣ ስፋቱንም የወሰነው ነቃሹ ነው።